ከመጨረሻው ሸርተቴ በፊት፦ ተጫዋች በጉዳት ጫማውን የሚሰቅለው እንዴት ነው?

አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ገና በ26 ወይም በ28 ዓመቱ በጉዳት ምክንያት ከጨዋታ መገለሉን ሲያስታውቅ፣ ዜናውን የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን መትቶት ነው?» ብሎ ነው። በቴሌቪዥን ደጋግመን ያየነው አንድ ሸርተቴ ወይም አንድ ግጭት ከዓይናችን ስለማይጠፋ ጥያቄው አያስገርምም። ይሁን እንጂ በጉዳት የተቋረጡ የጨዋታ ዘመኖችን ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚመረምር ሰው፣ ያ የታየው ግጭት በአብዛኛው የታሪኩ ማሳረጊያ እንጂ መነሻ ሆኖ አይገኝም። ከእሱ በፊት ችላ የተባለ እብጠት፣ በደንብ ሳይድን የተገባበት ጨዋታ፣ በመርፌ የተሸነገለ ሕመም አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ የኔዘርላንዱ አጥቂ ማርኮ ቫን ባስተን ጥሩ ማሳያ ነው። ቫን ባስተን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1993 ኤሲ ሚላን ከማርሴይ ጋር በሙኒክ ባደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሲሆን፣ ብዙዎች የጨዋታ ዘመኑ ያበቃው የማርሴዩ ተከላካይ ባሲል ቦሊ ከኋላ በገባበት ሸርተቴ ነው ብለው ያወራሉ። የቁርጭምጭሚቱ መከራ ግን የጀመረው ከዚያ ከ6 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1986 መጨረሻ ለአያክስ ሲጫወት ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመሙን ይዞ ተጫወተ፤ በ1987 ለአያክስ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ያስገኘችውን ግብ አስቆጠረ፤ ወደ ሚላን የተዛወረበትን የመጀመሪያ የውድድር ዘመን በአብዛኛው ከሜዳ ውጭ አሳለፈ፤ በ1988 የአውሮፓ ዋንጫ 5 ግቦችን አግብቶ አገሩን ለሻምፒዮንነት አበቃ፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርንም 3 ጊዜ ወሰደ። በእነዚህ ሁሉ ድሎች መካከል ቁርጭምጭሚቱ በተደጋጋሚ በቀዶ ሕክምና ተከፍቷል። ከሙኒኩ ፍጻሜ በኋላ 2 ዓመት ሙሉ ለመመለስ ታግሎ፣ በኦገስት 1995 በ30 ዓመቱ፣ ማልያ ሳይለብስ በሳን ሲሮ ሜዳ ዙሪያ እየተራመደ ደጋፊዎቹን በእጁ ተሰናበተ።

«በጉዳት ራስን ማግለል» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ረጅም ጊዜ ከሜዳ መራቅና ከጨዋታ መገለል የተለያዩ ናቸው። የተጎዳ ተጫዋች አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሳይጫወት ቆይቶ ሊመለስ ይችላል። መገለል የሚባለው፣ የተጎዳው የሰውነት ክፍል ከዚህ በኋላ የፕሮፌሽናል እግር ኳስን ጫና እንደማይሸከም፣ ወይም ቢሸከም እንኳ ተጫዋቹን በቀሪ ሕይወቱ ለአካል ጉዳት ወይም ለሞት አደጋ እንደሚያጋልጠው በሐኪሞች ተመርምሮ ተጫዋቹ ለማቆም ሲወስን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሐኪሙ የሚናገረው ስለ አደጋው መጠን ነው። የክለብ ሐኪም አንድን ተጫዋች ለጨዋታ ብቁ አይደለም ብሎ ሊከለክለው ይችላል፤ «ከእንግዲህ እግር ኳስ ተጫዋች አይደለሁም» የሚለውን ቃል ግን ከተጫዋቹ በቀር የሚናገርለት የለም። በዚህም ምክንያት በምርመራው ውጤትና በይፋዊው መግለጫ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። በውጭ ሆኖ ለሚከታተል ደጋፊ ይህ ዝምታ ድብብቆሽ ይመስለዋል። ተጫዋቹ ግን በዚያ ጊዜ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው እየሄደ፣ አንድ ሰው «ይቻላል» እንዲለው እየጠበቀ ነው።

በአንድ ግጭት ብቻ የሚያበቃበት ጊዜስ የለም?

አለ፤ እሱም በተለይ ጉዳቱ ጭንቅላት ላይ ሲሆን ነው። በቶተንሃም ታዳጊዎች ቡድን ያደገው እንግሊዛዊው አማካይ ራያን ሜሰን፣ በጃንዋሪ 2017 ለሃል ሲቲ ሲጫወት ከቼልሲው ጋሪ ኬሂል ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ። የራስ ቅሉ በብረት ተጠግኖ ከአደጋው ተረፈ፤ ከዓመት በላይ ለመመለስ ከሠራ በኋላ ግን ዳግም ቢመታ ሊደርስበት የሚችለው አደጋ ከባድ በመሆኑ በፌብሩዋሪ 2018፣ በ26 ዓመቱ፣ አቆመ። ሜሰን መሮጥም ኳስ ማቀበልም አልተሳነውም ነበር። የጠፋው ጨዋታው የሚያመጣውን ቀጣይ ምት የሚቀበል ጭንቅላት ነው።

እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍጻሜ ከብዙኃኑ የተለየ ነው። አብዛኛው ታሪክ የሚጻፈው በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ነው።

በጉልበት ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ጉልበት ሁለት ረጃጅም አጥንቶች፣ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት፣ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። ለመረዳት እንዲቀለን ሦስት ክፍሎቹን ብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያው የመስቀለኛ ጅማት ነው። በመገጣጠሚያው መሐል ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተጠላልፈው አጥንቶቹን ያስተሳስራሉ፤ ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። የፊተኛው የመስቀለኛ ጅማት ተጫዋቹ እየሮጠ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዘሎ ሲያርፍ፣ ቅልጥሙ ከጭኑ ሥር ወደፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ገመድ ነው። የሚገርመው፣ ይህ ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው ነው። ጫማው ሣሩን ይይዛል፣ ሰውነቱ ይዞራል፣ ጉልበቱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበቱ እንደ ኳስ ያብጣል። ሴት ተጫዋቾች ለዚህ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው ከወንዶች ቢያንስ በ2 እጥፍ ይበልጣል።

በዲሴምበር 1962 የሰንደርላንዱ አጥቂ ብራያን ክላፍ በበረዶ በደረቀ ሜዳ ላይ ከግብ ጠባቂ ጋር ተጋጭቶ ይኸው ጅማት ሲበጠስበት 27 ዓመቱ ነበር። በ274 የሊግ ጨዋታዎች 251 ግቦችን ያስቆጠረ ሰው፣ በ1964 ለ3 ጨዋታዎች ብቻ ተመልሶ በዚያው ቀረ። በዚያን ዘመን የተበጠሰ የመስቀለኛ ጅማት ለተጫዋች የፍጻሜ ደብዳቤ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ከራሱ ከተጫዋቹ ሰውነት፣ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ወይም ከቋንጃው አካባቢ፣ የጅማት ቁራጭ ወስደው በተበጠሰው ፋንታ ይተክላሉ። አብዛኞቹ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችም ወደ ሜዳ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ሜኒስከስ የሚባለው ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍል ሲሆን የሰውነትን ክብደት ያከፋፍላል። ቀድሞ ሜኒስከስ ሲቀደድ ቆርጦ ማውጣት የተለመደ ነበር፤ ተጫዋቹም በሳምንታት ውስጥ ይመለስ ነበር። በኋላ እንደታየው ትራሱ የተወሰደበት ጉልበት ከዓመታት በኋላ ዋጋውን ይጠይቃል። ስለዚህ አሁን የሚቻል ሲሆን መስፋት ይመረጣል፤ የተሰፋው እስኪድን ደግሞ ወራት ያስፈልጉታል። ክለብ ለመጪው ቅዳሜ ጨዋታ፣ ሐኪም ደግሞ ተጫዋቹ 40 ዓመት ሲሞላው ለሚኖረው ጉልበት የሚያስቡበት ቦታ እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የማይታረቀው ካርቲሌጅ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍን፣ ልሙጥና አብረቅራቂ ሽፋን ነው። ቆዳ ሲቆረጥ የሚድነው ደም ስለሚደርሰው ነው፤ ካርቲሌጅ ግን የራሱ የደም ሥር የለውም። በመሆኑም ልክ እንደ ጫማ ሶል ያልቃል እንጂ መልሶ አይበቅልም። ቀዶ ሕክምና ሊያለሳልሰው ወይም ሊለጥፈው ይሞክራል፤ የመጀመሪያውን ግን አይመልሰውም። የቶተንሃሙ አምበል ሌድሊ ኪንግ በመጨረሻዎቹ የጨዋታ ዓመታቱ የአንድ ጉልበቱ ካርቲሌጅ አልቆ ነበር። ከጨዋታ በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፤ እብጠቱ እስኪሟሽሽ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ እሱ በዋናና በጂም ሰውነቱን እየጠበቀ፣ ያለ ቡድን ልምምድ በቀጥታ ወደ ጨዋታ ይገባ ነበር። በዚህ ሁኔታ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደረጃ ዓመታት መጫወቱ እስከ ዛሬ ያስደንቃል። በ2012፣ በ31 ዓመቱ አቆመ።

ለወጣት ተጫዋቾች ለምን ይብሳል?

ብዙ ሰው ወጣት ሰውነት ቶሎ ይድናል ብሎ ያምናል። ስብራትን በተመለከተ እውነትነት አለው። ነገር ግን እያደገ ያለ ሰውነት ያላለቀ ሰውነት ነው።

ረጃጅም አጥንቶች የሚረዝሙት ጫፋቸው አካባቢ ባለ የእድገት ሳህን በሚባል ለስላሳ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የጉርምስና እድገት እስኪጠናቀቅ ድረስ ወደ ጠንካራ አጥንትነት አይለወጥም። ወንዶች በፍጥነት የሚረዝሙት በ13 እና በ14 ዓመታቸው አካባቢ ሲሆን በዚያ ጊዜ በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ሴቶች በ2 ዓመት ያህል ይቀድማሉ። በዚህ ወቅት አጥንቱ ይቀድማል፣ ጡንቻና ጅማት ይከተላሉ። ድንኳን ተክለን ገመዶቹን ሳናላላ መሐከለኛውን ምሰሶ ብናስረዝመው ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ገመዶቹ ይወጠራሉ፣ ካስማዎቹም ከመሬት ሊነቀሉ ይታገላሉ። የታዳጊ ተጫዋች ካስማ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለው የቅልጥም አጥንት እብጥ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሲጫኑት የሚያመው፣ ደረጃ ሲወርድ የሚነዝረው ልጅ ብዙ ነው። በአብዛኛው ጫና ቀንሶ እድገቱ ሲረጋጋ የሚያልፍ ችግር ነው፤ በየቀኑ በሁለት ቡድን ልምምድ ለሚሠራ ልጅ ግን ቶሎ አያልፍም።

ሌላው ችግር የዕድሜ ቁጥር አሳሳችነት ነው። የልደት ቀናቸው አንድ የሆነ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በሰውነት ብስለት በ4 ወይም በ5 ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። አንዱ ጢም ሊያወጣ ሲዳዳው ሌላው ገና ሕፃን ይመስላል። ቀድሞ የጎለመሰው ፈጣንና ጠንካራ ስለሆነ በሁሉም ጨዋታ ይሰለፋል፣ ከእሱ ከሚበልጡት ጋርም እንዲጫወት ይደረጋል፤ ያልጎለመሰው ደግሞ በጉልበት ከሚበልጡት ጋር እየተላተመ ይጎዳል፣ ወይም ተቀንሶ ይወጣል። ይህን ለማስተካከል በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ያሉ አንዳንድ አካዳሚዎች ታዳጊዎችን በተወሰኑ ጨዋታዎች በዕድሜ ፋንታ በእድገት ደረጃቸው፣ ማለትም ወደፊት ከሚኖራቸው ቁመት ስንት በመቶ ላይ እንደደረሱ ገምተው፣ ያቧድኗቸዋል።

ጎበዝ መሆን ራሱ የሚያመጣው ጫናም አለ። ኖርማን ዋይትሳይድ በ1982 የዓለም ዋንጫ ለሰሜን አየርላንድ ሲሰለፍ 17 ዓመት ከ41 ቀን ነበር፤ የፔሌን ክብረ ወሰን ሰብሮ በዓለም ዋንጫ የተጫወተ ትንሹ ተጫዋች ሆነ። በ1991፣ በ26 ዓመቱ፣ በጉልበቱ ምክንያት ጨዋታ አቆመ። ጃክ ዊልሸር በ16 ዓመቱ በ2008 ለአርሰናል ተሰለፈ፤ በ2010/11 የውድድር ዘመን፣ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ፣ ወደ 50 የሚጠጉ ጨዋታዎችን ለክለቡ አደረገ። ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ በቁርጭምጭሚት ጉዳት አጣ፤ በ2022 በ30 ዓመቱ ራሱን አገለለ። ከእነዚህ ታሪኮች ተነስቶ «በልጅነት መሰለፍ ጉልበት ይሰብራል» ማለት አይቻልም፤ በ17 ዓመታቸው ጀምረው እስከ 40 የተጫወቱም አሉ። የምናውቀው ይህን ነው፦ ጫናው በድንገት ሲጨምርና የዕረፍት ጊዜ ሲጠብ የጉዳት ዕድል ከፍ ይላል፤ ጎበዝ ታዳጊ ደግሞ ክለቡም ብሔራዊ ቡድኑም ስለሚፈልጉት ዕረፍት የሚሰጠው የለም።

ተጫዋቹ ሕመሙን ለምን ይደብቃል?

አንድ የ17 ዓመት ታዳጊ በልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ እናስብ። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናው ቡድን ጋር ሊጓዝ ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ጥቂት አንክሷል። ካልሲውን ከጉልበቱ በላይ ስቦ እብጠቱን ይሸፍናል፤ ወጌሻው «እንዴት ነህ?» ሲለው ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ «ደህና ነኝ» ይላል። ልጁ ሞኝ አይደለም። ቦታውን ለሌላው ቢለቅ ዳግም ላይጠራ እንደሚችል ስለሚያውቅ ስሌት ሠርቷል። ስሌቱ ግን አንድ ቁጥር ይጎድለዋል፤ እሱም የነገው ጉልበት ነው።

የስፖርት ሰዎች ስለ ተጫዋች «መብሰል» ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ዲሲፕሊንን፣ ከዳኛ ጋር አለመጨቃጨቅን፣ በጊዜ መተኛትን ነው። በእኔ ግምት ከእነዚህ ይልቅ ሕመምን ከሕመም መለየት ይቀድማል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻ የሚሰማው ድካምና ጥዝጣዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፤ ይህ የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ሲያብጥ፣ ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ሲቆም፣ ሌሊት ሲቀሰቅስ፣ ወይም ተጫዋቹ ሳያውቀው አረጋገጡን ሲቀይርበት ግን ሌላ ነገር ነው። ማስታገሻና መርፌ ይህን ልዩነት ያጠፋሉ። የሚሠሩት የማንቂያ ደወሉን ሽቦ መቁረጥ ነው፤ እሳቱ እንዳለ ነው።

ይህን ልጅ ብቻውን ተወቃሽ ማድረግ ደግሞ ተገቢ አይሆንም። «ደህና አይደለሁም» ያለ ታዳጊ በሚቀጥለው ሳምንት ከቡድኑ ስም ዝርዝር ውስጥ ስሙን ካጣው፣ ሌሎቹ ሁሉ ትምህርቱን ያገኛሉ።

ከጉዳት ለመመለስ ይህን ያህል መጠበቅ ለምን አስፈለገ?

ለመስቀለኛ ጅማት የሚሰጠውን የ9 ወር ቀጠሮ እንውሰድ። ተጫዋቹ በ5ኛው ወር ይሮጣል፣ ኳስም ይመታል፣ ሕመምም የለውም። ይሁን እንጂ የተተከለው ቁራጭ ወዲያውኑ እንደ ቀድሞው ጅማት አይሆንም፤ ሰውነት ቀስ በቀስ የራሱ ያደርገዋል፣ በመካከሉም የሚላላበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት መካከል ደግሞ ከአራቱ አንዱ ለሚጠጉት የዚያው ወይም የሌላኛው ጉልበት ጅማት ዳግም ይበጠሳል።

ብራዚላዊው ሮናልዶ በኖቬምበር 1999 የጉልበቱ ሎሚ ጅማት ተጎድቶ፣ በኤፕሪል 2000 በኢጣሊያ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንደቆየ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ሁለተኛውን ማገገሚያ ከዓመት በላይ ታግሦ አሳለፈ፤ በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ግቦችን አስቆጠረ።

መከላከልስ ይቻላል? ሙሉ በሙሉ አይቻልም። ፊፋ ያዘጋጀው፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የማሟሟቂያ ፕሮግራም ግን አለ፤ ሚዛን መጠበቅን፣ ዘሎ በትክክል ማረፍንና የጭን ጡንቻን ማጠናከርን ያካትታል። በቋሚነት የሠሩበት ታዳጊ ቡድኖች ጉዳታቸው በሲሶ ያህል ቀንሷል። መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አሰልጣኙ ከልምምዱ 20 ደቂቃ እንዲሰጥ ነው።

ውሉና ገንዘቡስ?

የተጫዋች ውል የጊዜ ገደብ አለው። በፊፋ ደንብ አንድ የፕሮፌሽናል ውል በመደበኛነት ከ5 ዓመት አይበልጥም፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ደግሞ ከ3 ዓመት። በጉዳት ላይ ያለ ተጫዋች ውሉ እስኪያልቅ ድረስ በአብዛኛው ደመወዙን ያገኛል፤ ችግሩ የሚጀምረው ውሉ ሲያልቅና የሚያድስለት ሲጠፋ ነው። አንዳንዶች የጨዋታ ዘመንን የሚያቋርጥ ጉዳት የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይገባሉ። ሆኖም ኢንሹራንስ ሰጪዎች ቀድሞ የነበረን ጉዳት ከሽፋኑ ማውጣታቸው የተለመደ ነው፤ ካሳ የተቀበለ ሰውም ወደ ፕሮፌሽናል ጨዋታ እንዳይመለስ ወይም ከተመለሰ ካሳውን እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል። በ20 ዓመቱ የሚፈርም ተጫዋች ይህን አንቀጽ ማንበብ አለበት፤ የሚያነበው ግን ጥቂቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ይሆናሉ?

በ8 ወይም በ9 ዓመቱ አካዳሚ የገባ ልጅ፣ ሰዎች ማንነቱን ሲጠይቁት «ኳስ ተጫዋች» ከማለት ሌላ መልስ ተለማምዶ አያውቅም። ጨዋታው ሲቆም የሚጠፋው ሥራ ብቻ ሳይሆን የቀኑ ሰዓት፣ የጓደኞቹ ስብስብና የሚጠራበት ስም ነው። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ዳይስለር የጉልበት ጉዳት እየተመላለሰበት፣ በመካከሉም ለድባቴ ሕክምና ወስዶ፣ በ2007 በ27 ዓመቱ ባየርን ሙኒክን ተሰናበተ። የእሱ ታሪክ የጉልበትና የአእምሮ ሕመም ተለያይተው እንደማይሄዱ በግልጽ ካሳዩት አንዱ ነው።

ሌሎች ደግሞ ሌላ በር አገኙ። ዋይትሳይድ ትምህርት ቤት ገብቶ የእግር ሕክምና ባለሙያ ሆነ። ክላፍ አሰልጣኝ ሆኖ ኖቲንግሃም ፎረስትን በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ። ሜሰን በ2021፣ በ29 ዓመቱ፣ በጊዜያዊነት ቶተንሃምን እየመራ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ትንሹ አሰልጣኝ ሆነ። ዩሊያን ናግልስማን የአውግስቡርግ ሁለተኛ ቡድን ተጫዋች ሳለ በ20 ዓመቱ በጉልበቱ ምክንያት አቆመ፤ ውሉ ገና ስላላለቀ አሰልጣኙ ቶማስ ቱኽል ተጋጣሚ ቡድኖችን እየሄደ እንዲመለከትለት ላከው፤ በ28 ዓመቱም የሆፈንሃይም ዋና አሰልጣኝ ሆነ። እነዚህ በስም የሚታወቁት ናቸው፤ አሰልጣኝነትም ሆነ ሌላ ሙያ ሳያገኙ የቀሩት ቁጥራቸው ይበልጣል፤ ስማቸውን ግን ማንም አይጽፈውም።

ቫን ባስተን በኋላ የአገሩን ብሔራዊ ቡድን እስከማሠልጠን ደረሰ። ከዚያ በፊት ግን ጨዋታ ካቆመ በኋላም ሕመሙ አልተወውም ነበር፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ይሄድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በመጨረሻ ሐኪሞች የቁርጭምጭሚቱን አጥንቶች አንድ ላይ አጣበቋቸው። መገጣጠሚያው ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም፤ ሕመሙ ግን ቆመ።